የውጭ አገር ሰውንና ዕቃን በአማርኛ እንዴት እንሰይም? ለጣና ዳር አስጎብኚዎችና ጸሐፊዎች

በባሕር ዳር የጀልባ መነሻ ላይ ለግማሽ ቀን የቆመ ሰው «ፈረንጅ»፣ «ቻይና»፣ «ዐረብ» እና «ዳያስፖራ» የሚሉ ቃላትን ደጋግሞ ይሰማል፤ ከእነዚህ መካከል ግን እንግዳው የየት አገር ሰው እንደሆነ በትክክል የሚናገር አንድም የለም። በአፍ ንግግር ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ ባለጀልባውም ሆነ አስጎብኚው ስለ ማን እንደሚወራ በዓይኑ እያየ ይረዳልና። ነገሩ የሚከፋው ያው ቃል ወደ እንግዳ መዝገብ፣ ወደ በራሪ ወረቀት፣ ወደ ዜና ወይም በቤተ መዘክር ዕቃ አጠገብ ወደሚለጠፍ መግለጫ ሲገባ ነው። ከዚህ በታች የምናየው የአገር ስም እንዴት የሰው መጠሪያ እንደሚሆን፣ ለዕቃ የትኛው አጻጻፍ እንደሚስማማና ከተለመዱት ስያሜዎች የትኞቹ አንባቢን እንደሚያሳስቱ ነው።

ለሰው «-ዊ»

የአንድ አገር ዜጋ የሚጠራበት ዋናው መንገድ ከግእዝ የወረስነው «-ዊ» ነው። ወንዱ ጀርመናዊ፣ ሴቷ ጀርመናዊት፣ ብዙዎቹ ጀርመናውያን ይባላሉ። የአገሩ ስም በሳድስ ፊደል ካለቀ ያ ፊደል ወደ ራብዕ ይለወጥና «ዊ» ይጨመርበታል፤ ሱዳን ሱዳናዊ፣ ጃፓን ጃፓናዊ፣ ግብፅ ግብፃዊ፣ እስራኤል እስራኤላዊ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። ስሙ ራሱ በራብዕ ካለቀ ደግሞ «ዊ»ን መጨመር ብቻ ይበቃል፦ ኬንያዊ፣ ካናዳዊ፣ ቻይናዊ፣ ኤርትራዊ። በሳልስ በሚያልቁት መካከል «ያ» ይገባል፤ ማሊ ማሊያዊ፣ ጅቡቲ ጅቡቲያዊ ይሆናል። ጀማሪ ጸሐፊን የሚያስቸግሩት በሳብዕ የሚያልቁት ናቸው፤ ሞሮኮ፣ ሜክሲኮና ኮንጎ ሞሮኳዊ፣ ሜክሲኳዊና ኮንጓዊ ይሆናሉ እንጂ የመጨረሻ ፊደላቸው እንዳለ አይቀርም።

በ«ይ» በሚያልቁት ላይ ሙሉ ስምምነት የለም። ኖርዌይ ኖርዌያዊ እንደሚሆን ብዙ ሰው ቢስማማም፣ የፈረንሳይን ሰው አንዳንዱ «ፈረንሳያዊ»፣ ሌላው «ፈረንሳዊ» ይለዋል። ሁለቱም ታትመው ስለሚገኙ አንዱን ስሕተት ብሎ መፍረድ አያስፈልግም፤ የእኔ ምርጫ የአገሩን ስም ሳይቆርጥ የሚያስቀረው «ፈረንሳያዊ» ነው። የሚያስነቅፈው በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱን ማቀላቀል ነው። ዐረብና አረብ፣ ሕንድና ህንድ፣ ግብፅና ግብጽ የሚሉት የፊደል ልዩነቶችም እንደዚሁ ናቸው፤ ጸሐፊው አንዱን ይመርጣል፣ እስከ መጨረሻው መስመርም በመረጠው ይጸናል።

በብዙ ቁጥር «ዊ» ወደ «ው» ተለውጦ «ያን» ይከተለዋል። «ጀርመናዊያን» የሚለው አጻጻፍ እየተለመደ ቢመጣም የተስተካከለው «ጀርመናውያን» ነው፤ «ጀርመናውያኖች» ግን ብዙ ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ስለተነገረ ጨርሶ መቅረት አለበት። የሴቶቹ ብዙ ቁጥር «ጀርመናውያት» ከሰዋስው መጽሐፍ ውጭ ከባድ ስለሚመስል «ጀርመናውያን ሴቶች» ማለት ይቀላል። ስሙ ከሁለት ቃል ሲሠራ ቅጥያው የሚያርፈው በመጨረሻው ላይ ብቻ ነው፦ ደቡብ ሱዳናውያን፣ ደቡብ አፍሪካዊት። ለመታጠፍ እምቢ የሚሉ ስሞችም አሉ፤ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስን ሰው «የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ዜጋ» ከማለት የተሻለ መንገድ አይገኝም። «የእገሌ አገር ዜጋ» የሚለው አነጋገር ለየትኛውም አገር ስለሚሠራ፣ የ«ዊ»ው ቅርጽ ያጠራጠረው ሰው ወደዚህ መመለስ ይችላል።

ስለ አክብሮትም አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ጽሑፍ የአገራችንን ሽማግሌ «ተናገሩ» ብሎ ጠርቶ፣ በዕድሜም በማዕረግም የሚተካከሏቸውን እንግዳ ግን «ተናገረ» ይላቸዋል። «ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ዘጌን ጎበኙ»፣ «ስዊድናዊቷ ሐኪም ስለ ሥራቸው ገለጹ» መባል ይገባዋል፤ ከሩቅ መምጣት አንቱታን አያስቀርም።

ለዕቃ «የ-»

ዕቃ ዜግነት የለውም። ስለዚህ «ጣሊያናዊ ጫማ» ወይም «ሕንዳዊ ሩዝ» ሳይሆን «የጣሊያን ጫማ»፣ «የሕንድ ሩዝ»፣ «የቱርክ ምንጣፍ» እንላለን። «-ዊ» ከሰው ውጭ የሚስማማው ለሐሳብ፣ ለጠባይና ለባህል ነው፤ «ኢትዮጵያዊ ጨዋነት» እና «አፍሪካዊ መፍትሔ» ጆሮ የማይቆረቁሩት ለዚህ ነው።

«የ-» ግን ቀላል ብትመስልም ብዙ ነገር በአንድ ትንፋሽ ትናገራለች፤ የተሠራበትን አገር፣ የባለቤቱን፣ የገንዘብ ምንጩን፣ የሥራ ተቋራጩንና የዘሩን መነሻ ሁሉ ልታመለክት ትችላለች። በባሕር ዳር ከተማ ብቻ የሚታየው ምሳሌ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱን የዓባይ ድልድይ የገነባው የቻይና ኩባንያ ነው፤ ይህን «የቻይና ድልድይ» ብሎ ማሳጠር ባለቤቱን ከሥራ ተቋራጩ ያቀላቅላል፤ «በቻይና ኩባንያ የተገነባ» ሲባል ግን ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ስለሆነ «የጣሊያን ፋብሪካ» የሚለው ስም የዕዳ ክፍያን የስጦታ ወይም የንብረት መልክ ይሰጠዋል። ፖሊ ቴክኒኩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተ ነው። ሶቪየት ኅብረት አሥራ አምስት ሪፐብሊኮችን ያቀፈች ስለነበረች፣ ከዚያ የመጣን መምህር ሁሉ «ሩሲያዊ» ማለት ዩክሬናዊውንና አርመናዊውን አብሮ መጠቅለል ነው። የሰውየው ትውልድ በእርግጠኝነት ካልታወቀ «የሶቪየት ኅብረት ዜጋ» ወይም «ከሶቪየት ኅብረት የመጡ መምህር» የሚለው ከስሕተት ያድናል።

በንግድ ማስታወቂያ ላይ ደግሞ የኩባንያው አገርና የተሠራበት አገር መለየት አለባቸው። ቶዮታ የጃፓን ኩባንያ ቢሆንም ፒክአፖቹን በታይላንድና በደቡብ አፍሪካም ይገጣጥማል፤ ገዢው እንዳይከራከር «የጃፓኑ ቶዮታ ምርት፣ በታይላንድ የተገጣጠመ» ብሎ ዘርዝሮ መጻፍ ይሻላል። በከተማው የሚርመሰመሰው ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ስሙን ያገኘው ባጃጅ ከተባለው የሕንድ ኩባንያ ነው፤ ቲቪኤስ የተባለው ሌላው የሕንድ ኩባንያ የሠራውም በአፍ ያው «ባጃጅ» ነው። በውልና በደረሰኝ ላይ ግን የአምራቹ ስም መግባት አለበት።

«የቻይና» የሚለው ቃል በገበያ ያተረፈው ትርጉም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ስልክ ሊገዛ የገባ ደንበኛ «የቻይና ነው ወይስ ኦርጅናል?» ብሎ ሲጠይቅ የአገር ጥያቄ ማቅረቡ አይደለም፤ «ቶሎ ይበላሻል ወይስ ይበረክታል?» ማለቱ ነው። ኦርጅናል የሚባለው አይፎን እንኳን በብዛት የሚገጣጠመው በቻይና ስለሆነ ጥያቄው እንደ ቃሉ ቢወሰድ መልስ አይኖረውም። በጽሑፍ የአገሩን ስም ለጥራት መለኪያነት ከመጠቀም ይልቅ የተመረተበትን አገር በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ የጥራት ደረጃውን በሌላ ዐረፍተ ነገር ማስፈር ይገባል።

ስሙ ብቻውን ሲቆም

ከጥንት ጀምሮ የምናውቃቸው ሕዝቦች ያለ ቅጥያ ይጠራሉ፤ ጣሊያን፣ ቱርክ፣ ግሪክ፣ እንግሊዝ፣ ዐረብ አገርም ሕዝብም ናቸው፤ ብዙ ቁጥራቸውም ቱርኮች፣ ግሪኮች፣ እንግሊዞች ይሆናል። ይህ አነጋገር ለትረካ ያምራል፤ የሚጠይቀው ጥንቃቄ በግሱ ላይ ነው። «ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ወረረች» ሲባል የተነገረው ስለ መንግሥቱ ነው፤ «ጣሊያን መንገድ ሠራ» ሲባል ግን ስለ ሰዎቹ ነው። በአንድ አንቀጽ ውስጥ «ወረረች» ብሎ ጀምሮ «ሸሸ» ብሎ መጨረስ አንባቢውን ስለሚያደናግር፣ ከአገር ወደ ሰው ሲዞሩ «ጣሊያኖቹ» ብሎ መለየት ያስፈልጋል።

በብዛት የሚያሳስቱ ስሞች

በጣና ዙሪያ ታሪክ ሲጻፍ ቀድሞ የሚመጣው ስሕተት የሁለት ሰዎች ዜግነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1618 ግሽ ዓባይን ያየው ኢየሱሳዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በብዙ በራሪ ወረቀት ላይ «ፖርቱጋላዊ» ይባላል፤ ሰውየው ግን ስፔናዊ ነው። ስሕተቱ ምክንያት አለው፤ ሚስዮኑ በፖርቱጋል ሥር ነበር፣ በዚያ ዘመንም ሁለቱን መንግሥታት የሚገዛው አንድ ንጉሥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 እዚያው የደረሰው ጄምስ ብሩስም «እንግሊዛዊ» ሳይሆን ስኮትላንዳዊ ነው፤ ስኮትላንድን፣ እንግሊዝንና ዌልስን አንድ ላይ ለመጥራት ከተፈለገ ቃሉ «ብሪታኒያዊ» ነው። በጢስ ዓባይ አቅራቢያ የሚገኘው የአላታ ድልድይ «የፖርቱጋሎች ድልድይ» ተብሎ መታወቁ እንዳለ ሆኖ፣ ለመግለጫ የሚመረጠው «በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው፣ በተለምዶ የፖርቱጋሎች ድልድይ የሚባለው የአላታ ድልድይ» የሚለው ነው፤ የታወቀውን ስም ሳያስቀር ለጎብኚው ጥያቄም ቦታ ይተውለታል።

የድሮ ሰውን በዛሬ አገር ስም መጥራትም ተመሳሳይ ችግር አለው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ብዙ ዘመን የኖረው ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የቬኒስ ሰው ነው። ጣሊያን አንድ መንግሥት የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1861 ስለሆነ «የቬኒሱ ሠዓሊ» ማለት ይበልጥ ይቀናል፤ «ጣሊያናዊ» ያለም ጸሐፊ ቢሆን «ከዛሬዋ ጣሊያን» ብሎ ቢያብራራ ከነቀፋ ይድናል።

«ኮሪያዊ» የሚለው ቃል ደግሞ በፎገራ ሜዳና በአዲስ አበባ የተለያየ ትዝታ ያነሣል። በደርግ ዘመን የፎገራን ሩዝ በማስፋፋት የተሳተፉት ባለሙያዎች ሰሜን ኮሪያውያን ሲሆኑ፣ ቀድሞ የቃኘው ሻለቆች የዘመቱት ከደቡብ ኮሪያ ጎን ተሰልፈው ነበር። ዛሬ በዘጌ የቡና ጥላ ሥር የምትታየዋ ኮሪያዊት ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ደቡብ ኮሪያዊት ናት። አቅጣጫውን ጨምሮ መጻፍ አንድ ቃል ብቻ ስለሚያስከፍል አይተው።

የጣና ፎረም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የአፍሪካ መሪዎችን ወደ ባሕር ዳር ሲያመጣ የአህጉሪቱ ተመሳሳይ ስሞችም አብረው መጥተዋል። ፎረሙን ለረጅም ጊዜ በሰብሳቢነት የመሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ ናይጄሪያዊ ናቸው፤ የኒጀር ሰው ግን ኒጀራዊ ነው። ኮንጎ የሚባሉ ሁለት አገሮች ስላሉ «ኮንጓዊ» ብቻውን በቂ አይደለም፤ «የዴሞክራቲክ ኮንጎ ዜጋ» ወይም «የኮንጎ ብራዛቪል ዜጋ» ይባላል። ስዊድናዊና ስዊዘርላንዳዊም ሁልጊዜ ይምታታሉ። በዚሁ አጋጣሚ፣ ከሌላ የአፍሪካ አገር የመጡትን ብቻ «አፍሪካውያን» ብሎ ራስን ከዚያ ማውጣት በእኛ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ «ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ እንግዶች» ሲባል ጋባዡም አፍሪካዊ መሆኑ አይዘነጋም።

ፈረንጅና ዘመዶቹ

«ፈረንጅ» ከፍራንኮች ስም በዐረብኛ በኩል አልፎ የደረሰን ቃል ነው፤ በራሱ ስድብ አይደለም። ነገር ግን ዜግነትን አይናገርም፤ ጎብኚዎቹም ቃሉን ገና የመጀመሪያው ቀን ስለሚለምዱት ከፊታቸው «ፈረንጆቹ» እያሉ ማውራት ምስጢር ሆኖ አይቀርም። በጽሑፍ «የውጭ አገር ጎብኚ»፣ «እንግዳ»፣ «አውሮፓዊ» ወይም ትክክለኛው የአገር ስም ይተካዋል። ጃፓናዊውንም፣ ቬትናማዊቱንም «ቻይና! ቻይና!» ብሎ መጣራት ግን ከዚህ የከፋ ነው፤ ሰውየውን የሌላ አገር ሰው ማድረግ ብቻ ሳይሆን በመልኩ ብቻ መመደብ ነው። ትልልቆቹ ካልተዉት ልጆቹ አይተዉትም፤ ይህን ከአስጎብኚዎች በላይ ማረም የሚችል የለም።

የአንድ ጀልባ መነሻ መዝገብ እንዴት እንደሚስተካከል እንይ። ወጣቱ መዝጋቢ «አያ፣ ዛሬ ማን ማንን ነው የጫኑት?» ብሎ ይጠይቃል፤ አረጋዊው ባለጀልባ «ሁለት ፈረንጅና አንድ ቻይና፤ አንድ ዳያስፖራም አለበት» ይሉታል። ይህ እንደተነገረ ቢጻፍ ነገ ጀልባዋ ብትዘገይና አንድ ኤምባሲ ቢደውል መዝገቡ የሚረዳው ነገር የለም። መዝጋቢው ፓስፖርታቸውን አይቶ እንዲህ ይጽፋል፦ «ሁለት ኖርዌያውያን፣ አንዲት ደቡብ ኮሪያዊትና አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ካናዳዊ ወደ ዘጌ ተጓዙ።» ለባለጀልባው አነጋገራቸውን ማረም የእርሱ ሥራ አይደለም፤ መዝገቡን ማጥራት ግን ሥራው ነው።

«የፈረንጅ» የሚለው ቅጽል በዕፅዋትና በእንስሳት ላይ ሲቀጸል ትርጉሙ «መጤ» ማለት ብቻ ነው። የፈረንጅ ጥድ የመጣው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ነው። የሳይንስ ስሙ ደግሞ የፖርቱጋልን የጥንት ስም ይዟል፤ ስለዚህ ከስሙ ተነሥቶ መነሻውን ለመገመት የሚሞክር ሰው ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። ባሕር ዛፍም ስሙ ባሕር መሻገሩን ቢናገርም የአውስትራሊያ መሆኑን አይናገርም። እነዚህ ስሞች ቋንቋው ያጸደቃቸው ስለሆኑ አይለወጡም፤ መነሻውን መናገር ሲያስፈልግ «መነሻው» ወይም «የትውልድ ቦታው» በሚል ሐረግ ይጨመራል። እምቦጭ ለምሳሌ «መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነ፣ በጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየ መጤ አረም» ተብሎ ይገለጻል፤ «አሜሪካዊ አረም» ቢባል ግን አንባቢው ዩናይትድ ስቴትስን ያስባል፤ በአማርኛ «አሜሪካዊ» የሚለው ቃል ለዚያች አገር ሰው የተለየ ሆኗልና።

ዜግነት፣ ትውልድና ቋንቋ

በክረምትም በገናም ወደ ባሕር ዳር ከሚመጡት ብዙዎቹ በዜግነት የሌላ አገር፣ በትውልድ የእኛው ናቸው። «ዳያስፖራ» የሚለው ቃል የሚናገረው ሰውየው ውጭ እንደሚኖር ነው፤ ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ይሁን የሌላ አይለይም። ዜግነቱን የለወጠው «ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ» ይባላል፤ ሴት ከሆነች «ትውልደ ኢትዮጵያዊት አሜሪካዊት»። ዜግነቱን ያልለወጠው ግን «በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ» ነው። ልዩነቱ በሕግም በክፍያም ስለሚያስጠይቅ በግምት አይጻፍም፤ በአክብሮት ይጠየቃል። የቆዳ ቀለምም የአገር ምልክት ሆኖ አያገለግልም፤ ጥቁር የሆነው እንግዳ እንግሊዛዊ፣ ጃማይካዊ ወይም ብራዚላዊ ሊሆን ይችላል።

ቋንቋን የሚሰይመው «-ኛ» ከ«-ዊ» ጋር ሁልጊዜ አይሄድም። ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ከአገራቸው ስም ቢወጡም ኦስትሪያዊው የሚናገረው ጀርመንኛ፣ ብራዚላዊቷ የምትናገረው ፖርቱጋልኛ ነው፤ ግብፃዊው ዐረብኛ ይናገራል፤ የእስራኤላዊው ቋንቋ ደግሞ «-ኛ»ን ጨርሶ ሳይወስድ ዕብራይስጥ ይባላል። ስዊዘርላንድ አራት ብሔራዊ ቋንቋዎች ስላሏት ከዜግነቱ ተነሥቶ ቋንቋውን መገመት አያስተማምንም። አስተርጓሚ የሚመድብ ድርጅት በመዝገቡ ላይ «ዜግነት» እና «የሚናገሩት ቋንቋ» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ዐምዶች ያዘጋጅ። በዜግነቱ ዐምድ ውስጥ የአገሩ ስም ብቻ፣ ማለትም «ኦስትሪያ»፣ «ብራዚል» ተብሎ ቢሞላ የወንድና የሴት ቅርጽ መለዋወጥ ይቀራል፤ ሪፖርቱ ወደ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሲገለበጥ «ኦስትሪያዊ» እና «ብራዚላዊት» እያሉ ማስተካከሉ የጸሐፊው ድርሻ ይሆናል።